«ትናንት ምን ተመገቡ?»፤ ስለ አንድ የምግብ መለኪያ የቀረበ ሂስ

የሴቶችን የዕለት ምግብ ለመመርመር ዛሬ በብዙ አገሮች ከሚሠራባቸው መለኪያዎች አንዱ፣ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2016 ባወጣው መመሪያ የተገለጸው ነው። ጠያቂው ዕድሜዋ ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆነችውን ሴት ባለፈው ቀንና ሌሊት የበላችውንና የጠጣችውን ይጠይቃታል፤ መልሷንም በ10 የምግብ ክፍሎች ይመድባል። ቢያንስ 5ቱን ያገኘች ሴት የተለያየ ምግብ እንደተመገበች ትቈጠራለች። እኛም ይህ መለኪያ በትውልድ ስፍራችን በግንደወይን፣ በቢቸናና በሞጣ መካከል ባለችው ከተማ፣ ምን እንደሚያሳይና ምን እንደሚሰውር ለመመርመር አስበናል።

መለኪያው የሚመሰገንበት ነገር አለው። ሚዛንም ሆነ ሐኪም አይፈልግም። ከ15 ግራም ያነሰ ምግብ፣ ዘይትና ቅመምም በቍጥር አይገቡም፤ ስለዚህ በርበሬያችን ቍጥሩን በከንቱ አያሳድገውም። መለኪያው የሕዝብ እንጂ የአንዲት ሴት መመዘኛ አለመሆኑንም አዘጋጆቹ ራሳቸው ገልጸዋል።

ችግሩ የሚመጣው ቍጥሩ ዝቅ ብሎ ሲገኝና ምክንያት ሲፈለግለት ነው። በእኛ አገር ጥፋቱን በጾም ላይ መጣል የተለመደ ነው። እውነት ነው፤ በዓቢይ ጾም 55 ቀን፣ በፍልሰታ 15 ቀን፣ እንዲሁም በረቡዕና በዓርብ ወተት፣ ሥጋና እንቁላል ከገበታ ይርቃሉ። ይሁን እንጂ እስቲ እንቍጠር። በዓርብ ቀን እንጀራ፣ ሽሮ፣ የሱፍ ፍትፍት፣ ጎመንና ቲማቲም የቀረበበት ገበታ 5 ክፍል ይሞላል። በማክሰኞ ግን፣ ጾም ሳይሆን፣ እንጀራ በሽሮ ብቻ ከተበላ የሚገኘው 2 ነው። ታዲያ ጾም ያልከለከለው እንቁላል ወዴት ሄደ?

ወደ ገበያ ሄደ። እንቁላሉም ቅቤውም ዶሮዋም በሴቲቱ እጅ ወጥተው በጨው፣ በቡና፣ በሳሙናና በልጆች ደብተር ተለውጠው ይመለሳሉ። ነጩም ጤፍ እንዲሁ ይሸጥና ለቤት ሰርገኛው ይቀራል። ሴቲቱ መርጣለች፤ የመረጠችው ግን ለራሷ አፍ አይደለም፤ ለቤቱ ጉድለት ነው። መመሪያው የሚቈጥረው በመጨረሻ የተበላውን ስለ ሆነ ይህን ምርጫ አያየውም።

ከገበያ የተረፈውም ቢሆን ተራ አለው። አስቀድሞ አባወራውና እንግዳው፣ ቀጥሎ ልጆቹ፣ በመጨረሻ እናቲቱ ይመገባሉ። በዕረፍት ጊዜያችን አንዲትን እናት «ትናንት ምን ተመገቡ?» ብለን ብንጠይቃቸው «እንጀራ በሽሮ፣ እንቁላልም ጠብሼ ነበር» አሉን። «እንቁላሉን እርስዎ ቀመሱት?» ብንላቸው ሣቁና «ለታመመው ልጅ ነው እንጂ፤ ለእኔ ምን ያደርግልኛል ልጄ» ብለው መለሱልን። ሁለተኛው ጥያቄ ባይከተል ኖሮ እንቁላሉ በእርሳቸው ስም ይጻፍ ነበር። የነገሩን የድስቱን ታሪክ ነበርና።

ይህ ለነፍሰ ጡርና ለአጥቢ እናት ቀላል ጉዳይ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን እነዚህን እናቶች በጾም ሳታስገድድ ብዙዎቹ ይጾማሉ። የጤና ሠራተኛዋም «እንቁላል ብዪ» ብላ ትመክራለች። ምክሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ያች እንቁላል የጨው መግዣ መሆኗን አያስብም። ምክሩን ያልፈጸመችውም እናት አላዋቂ ትባላለች።

እኛ መለኪያው ይጣል አንልም። በአገራችን ሲሠራበት ግን ሦስት ጥያቄዎች ቢጨመሩበት ይበጃል ብለን እናምናለን፤ ቀኑ የጾም ነበር ወይስ የፍስክ? ከቤቱ ምን ተሸጠ? ከተሠራውስ ለእርሷ ምን ደረሳት? እነዚህ ሳይጠየቁ የሚገኝ ቍጥር የምግቡን ማነስ ይነግረናል፤ ምክንያቱን ግን በግምት እንድንሞላው ይተወናል፤ በግምታችንም የምትወቀሰው በመጨረሻ የበላችው ሴት ናት።