«ደ» ትጥበቅ ወይስ ትላላ?

በ2010 ዓ.ም. አገሩን ሁሉ የሞላው ቃል «መደመር» ነበር። ቲሸርት ላይ «ተደምሬያለሁ»፣ ሰልፍ ላይ «እንደመር»። በጥቅምት 2012 የጠቅላይ ሚኒስትሩ መጽሐፍ በዚሁ ስም ወጣ፤ በኦሮምኛ «ኢዳአሙ» ተባለ።

እስቲ ፖለቲካውን ለጊዜው እንተወውና ቃሉን እንየው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «መደመር» ሲባል «ደ»ን አላልተን ካነበብነው ደማሪዎች ነን፤ ካጠበቅነው ተደማሪዎች። መፈክሩ «እንደምር» ሳይሆን «እንደመር» ነበርና የተመረጠው የጠበቀው ነው። «ኢዳአሙ»ም ያው ነው። ታዲያ ደማሪው ማን ነው?

የቃሉ ወዳጆች መልስ አያጡም። «ታጠበ» ስንል ሌላ ሰው አጠበው ማለታችን አይደለም፤ «ተደመረ»ም ወዶ ገባ ማለት ነው ይላሉ። እውነት ነው፣ ሰዋስው ይፈቅዳል። ሰውየው ወዶ ይግባ ተገዶ ግን ሰዋስው አይነግረንም።

ያዮና መቱ ያሉበት ኢሉባቦር ይህን ያውቀዋል። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ደርግ ከወሎና ከሌላም አካባቢ ብዙ ሺህ ገበሬ እያጓጓዘ እዚያ አሰፈረ። በወረቀት ላይ ቀላል ድምር ነበር፦ መሬት ያጣ ሰው ሲደመር ሰው ያጣ መሬት። ከተጓዦቹ ብዙዎቹን «ትወዳላችሁ ወይ?» ያላቸው የለም። ነባሩንም ነዋሪ «እንግዳ ትቀበላለህ ወይ?» ብሎ ያማከረው አልነበረም። «ሰው ያጣ» የተባለው መሬት ግን ባለቤት ነበረው፤ ቡና የሚለቅምበት፣ ቀፎ የሚሰቅልበት ደን ነበር። ድምሩን የሠራው ሌላ ነበር፤ ኑሮውን እንደምንም ያስማሙት ግን ተደማሪዎቹ ናቸው።

ቃሉ በራሱ ክፉ ሆኖ አይደለም። መስከረም 16 የምንለኩሰው ደመራም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። እዚያ ግን እያንዳንዱ ችቦውን ይዞ፣ በእግሩ ይመጣል።

ለእኔ ከመደመር ይልቅ ደቦ ግልጽ ነው። አማርኛም ኦሮምኛም የሚጋሩት ቃል ነው፤ አስተርጓሚ አያሻውም። ደቦ ጠሪው ይታወቃል፣ ሥራው ይታወቃል፣ ከሁሉም በላይ ተራ አለው፦ ዛሬ ያንተ ማሳ፣ ነገ የእኔ። ዛሬ በልቶ ነገ የቀረ ሰው በሚቀጥለው ዓመት አረሙን ብቻውን ይነቅላል።

ስለዚህ ወደፊት «ተደመሩ» የሚል ሲመጣ፣ ከማጨብጨባችን በፊት «የእኛ ማሳ ተራው መቼ ነው?» ብንል ነውር የለውም።