ለቅሶ ነው ወይስ ልኬት?

ባለፈው ጥቅምት መጨረሻ አንድ ማስታወቂያ በስልኬ ደረሰኝ። «ገፈርሳና አካባቢው፣ የግድብ ዳር የእግር ጉዞ፣ 14 ኪሎ ሜትር፣ ደረጃው መካከለኛ፣ ምሳና ፎቶ ተካቷል፣ ንጹሕ አየር በነጻ» ይላል። ላኪዋ የጎረቤቴ ልጅ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ የከተማ ሰው ሰብስባ ገጠር ለገጠር ታዞራለች። «ጋሼ፣ ወገብዎን እንዲለቅዎት ነው» አለችኝ። ወገቤን ማን እንደነገራት እንጃ።

ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረ ሰው ክፉ አመል አለበት። የመድኃኒት ካርቶንም ቢሆን እንደ ድርሰት ካላነበበ እንቅልፍ አይወስደውም። ማስታወቂያዋንም እንደዚያው አነበብኳት። መቼት አላት። ሴራም አላት፤ መውጣት፣ መውረድ፣ ምሳ። ገጸ ባሕርይ ግን የላትም። በአሥራ አራት ኪሎ ሜትር ውስጥ አንድ ሰው አይኖርም፣ አያርስም፣ በግ አያግድም። ሌሎቹንም እየለመንኩ ሰበሰብኩና አየኋቸው፤ የእንጦጦው፣ የወንጪው፣ የመናገሻ ሱባው፣ ሁሉም እንደዚያው ናቸው። ርቀት አለ፣ ከፍታ አለ፣ «ድንቅ እይታ» አለ፤ ሰው የለም።

ለነገሩ ሄድኩ። ሠላሳ እንሆናለን። ግማሾቹ የሚታጠፍ የአሉሚኒየም ዱላ ይዘዋል፤ ከፊት የሚመራን ልጅ ስልኩን እንደ መስቀል ከፍ አድርጎ መንገዱን ይፈልጋል። ውኃው በግራችን፣ ወጨጫ ፊት ለፊታችን ተገሽሯል። ዝይዎቹ ሣሩ ላይ ይርመሰመሳሉ። እውነቱን ለመናገር ደስ ይላል። ሳንባዬም «እስከ ዛሬ የት ነበርክ?» ያለኝ መሰለኝ።

አንድ ጉብታ ላይ እንጨት የተሸከሙ እናት አገኙን። ሸክማቸውን ሳያወርዱ በኦሮምኛ አንድ ነገር ጠየቁ። ከሠላሳችን ኦሮምኛ የሚችል የሾፌሩ ረዳት ብቻ ነበር። (ከመዲናዋ አፍንጫ ሥር ሆነን እንኳ አስተርጓሚ እንፈልጋለን፤ ይሄ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል።) ልጁ እየሳቀ፣ «ማን ሞተባችሁ? ነው የሚሉት» አለን። እኛም ሳቅን። እኔም ሳቅሁ፤ አልዋሽም።

አመሻሽ ላይ ሳስበው ግን እኚያ እናት ያነበቡን ልክ ነው። ሠላሳ ሰው፣ ገበያ ባልዋለበት ቀን፣ ሸክም ሳይዝ፣ ተከታትሎ ሲሄድ ወይ ሠርግ ነው ወይ ለቅሶ። እልልታ የለም። ታዲያ ምን ይበሉ? በገጠር እግር ያለ ጉዳይ አይነሳም። ለወፍጮ፣ ለፍርድ ቤት፣ ለጤና ጣቢያ፣ ለመርዶ ነው የሚነሳው። ድርሰታችንም ይህን ያውቃል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ሰብለ ወንጌል የምንኩስና ልብስ ለብሳ በእግሯ የወጣችው ለአየሩ አይደለም። እሷን ብታገኟት «ደረጃው መካከለኛ ነው» ትሏት ነበር?

ሳቃችን የቆመው ግን ከዚያ በኋላ ነው። መንገዱ የጤፍ ማሳ ጠርዝ ላይ አደረሰን። ስልኩ በማሳው መሐል ቀጥ በሉ ይላል። ቀደም ቀደም ያሉት ገቡ። አንድ ጎልማሳ ገበሬ ከጎጆው እየሮጠ መጣ። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር፤ አልተቆጣም። ዱላዎቹን አየ፣ ከፍ ያለውን ስልክ አየ፣ ከዚያ በዕድሜ ገፋ ያልኩት እኔ ስለነበርኩ ወደ እኔ ዞረና ለስለስ ባለ ድምፅ በአማርኛ፣ «ጌታዬ፣ ዛሬ ነው እንዴ የምትለኩት?» አለኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ ጉሮሮዬ ደረቀ። በዚህ አካባቢ ዱላና መሣሪያ ይዞ በማሳ መሐል ቀጥ ብሎ የሚሄድ የከተማ ሰው ትርጉሙ አንድ ነው፤ መሬት ሊለካ የመጣ ነው። ከተማዋ ስትሰፋ ኖራለች። የማስተር ፕላኑ ጉዳይ ስንት ደም ካፋሰሰ በኋላ በጥር 2008 ዓ.ም. ቀረ ተባለ። ቡራዩም በ2015 ዓ.ም. ከሌሎቹ የዙሪያ ከተሞች ጋር ሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃለለች። ካርታው በተቀየረ ቁጥር ገበሬው ልኬት ይጠብቃል። «አይ፣ እኛ ለመዝናናት ነው» አልኩት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እንዴት እንደቀለለ ብታዩት! ሰውየው አላመነኝም። «ካጨድኩ በኋላ ቢሆን» አለኝ፤ ይህችኑ ብቻ። ከዚያ እሱ ራሱ ከፊት ሆኖ በማሳው ዳር ዳር መርቶ አሳለፈን። የረገጥነውን ጤፍ አንድ በአንድ ሊያቃናው ጎንበስ ሲል ከኋላ ሆኜ አየሁት።

እዚህ ላይ የእግር ጉዞን የምጠላ የሚመስለው ይኖራል። እንዲያውም! ከተሜው ከወንበሩ ተነስቶ አገሩን በእግሩ ቢያይ ደስታዬ ነው። ገፈርሳ ከአዲስ አበባ የመጠጥ ውኃ ግድቦች ቀደምቱ ነው፤ ለገዳዲ ከመምጣቱ በፊት ከተማዋ ዓይኗን የጣለችው እዚያ ላይ ነበር። ከሠላሳችን ስንቱ ይህን ያውቅ ነበር? ጠዋት ፊታችንን ታጥበን የወጣንበት ውኃ ከዚያ ሊሆን ይችላል። እኛ ግን የታሸገ ውኃ ይዘን ዳር ዳሩን ዞርን፤ ባዶው ላስቲክ ደግሞ ቁልቁል ወደ ግድቡ ሲንከባለል ማንም አልተከተለውም።

ወንጂም እንደዚሁ ነው። እዚያ የሸንኮራ ማሳውን እየታከኩ በመስኖው ቦይ ዳር የሚያስኬድ መንገድ አለ፤ ሜዳ ስለሆነ ለእንደኔ ዓይነቱ ጉልበት ይስማማል። ፋብሪካው በ1946 ዓ.ም. ሥራ የጀመረበት፣ የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. አዋሽን ገትቶ መልቀቅ የያዘበት ታሪክ በዚያ ቦይ ውስጥ ይፈስሳል። የዚያን ጉዞ ማስታወቂያ ሳነብ ዓይኔ ያረፈው «የልጆቹን ፈገግታ በፎቶ ያስቀሩ» በሚለው ላይ ነው። የወንጂን ፈገግታ ያየ ያውቀዋል። የጉድጓዱ ውኃ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት ስንቱ ሰው ጥርሱ በልዟል፤ ዕድሜውን ሙሉ የጠጡት ሠራተኞች ደግሞ አጥንታቸው ተይዞ ጎብጠዋል። ሐኪሞች ካጠኑት አሥርት ዓመታት አልፈዋል። እኛ ፎቶ እናንሳ እንጂ ያ ልጅ ከንፈሩን ገጠም አድርጎ ለምን እንደሚስቅ አንጠይቅም።

ሲመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ዘፈን ነበር። ከፊት የተቀመጠ አንድ ወጣት፣ «ገበሬው እንዴት ደግ ነው! መንገድ መራን እኮ» አለ። ልመልስለት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ደግነትና ፍርሃት ከሩቅ ሲያዩዋቸው አንድ ዓይነት ይራመዳሉ።

በማግስቱ የጎረቤቴን ልጅ ጠርቼ የታዘብኩትን ሁሉ ነገርኳት። ልጅቱ አስተዋይ ናት፤ አልተቀየመችኝም። «እሺ ጋሼ፣ እንግዲያው እርስዎ ይጻፉት» ብላ ማስታወቂያውን አሸከመችኝ። ሁለት ቀን ለፋሁበት። ከታኅሣሥ በፊት በእርሻ በኩል እንዳይታለፍ፣ ዱላው በመንደር ሲደረስ እንዲታጠፍ፣ ኦሮምኛ የሚችል ሰው ከፊት እንዲሄድ፣ ለማሳ ዳሩ ማለፊያ ለገበሬው እንዲከፈል፣ የግድቡም ታሪክ በሁለት አንቀጽ። ሁለት ገጽ ሞላ።

ሐሙስ ዕለት የታረመው መጣልኝ። ታሪኩ ወጥቷል፤ ክፍያው «ወደፊት ይታያል» ተብሏል፤ «ደረጃው መካከለኛ» እንዳለ አለ። ከእኔ ጽሑፍ የቀረችው አንዲት መስመር ናት፤ ከታች፣ በትናንሽ ፊደል፤ «ለቅሶ ነው ወይ ብለው ቢጠይቋችሁ እባካችሁ አትሳቁ።»