«ዝቅተኛ የመቋቋም አቅም»፦ በአንድ የስያሜ ረቂቅ ላይ የቀረበ ሂስ

በቅርቡ ለአስተያየት በእጄ የገባው የቃላት ዝርዝር ረቂቅ፣ ተጠቃሚው ራሱ ሽቦ እየጠቀለለ ስለሚያድሰው የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ማሞቂያ የሚነገሩትን የእንግሊዝኛ ቃላት ወደ አማርኛ የመለሰ ነው። የሽቦውን አጠቃለልና የአየር ማስገቢያውን አያያዝ የሚመለከቱ ቃላት ይበዙበታል። የአዘጋጁን ማንነት መግለጽ ለሂሱ ስለማይጠቅም አልጠቅሰውም።

እንዲህ ላለው ዕቃ ስያሜ መፈለግ ለምን ያስፈልጋል የሚል አንባቢ አይጠፋም። የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ንግድ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 በአገራችን ተከልክሏል። ነገር ግን የተከለከለውን ዕቃ ጉምሩክ ላይ መዝግቦ የሚይዝ ሠራተኛ፣ የክስ ማስረጃ የሚተረጉም አስተርጓሚ፣ ዕቃው በገበያ በሚሸጥበት አገር ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ሰው ሁሉ ቃል ያስፈልገዋል። ዕቃውን የሚጠላም ቢሆን ስም ሳይሰጠው ሊያስጠነቅቅበት አይችልም።

ዕቃው ሲታይ የተወሳሰበ አይደለም። በብረት መቀመጫ ላይ ሁለት ምሰሶዎች ቆመዋል፤ በእነርሱ መካከል የተጠቀለለ ሽቦ ይታሰራል፤ በሽቦው ውስጥ ጥጥ ያልፋል፤ ጥጡም እንደ ኩራዝ ክር ፈሳሹን ይስባል። ባትሪው ሽቦውን ያግለዋል፤ ከጎን ወይም ከሥር የሚገባው አየርም የተነሣውን ጉም ይዞ ወደ አፍ ይሄዳል።

በረቂቁ ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው ስሕተት ስሕተት የማይመስለው ነው። የሬዚስታንሱ መጠን ያነሰውን ጥቅል አዘጋጁ «ዝቅተኛ የመቋቋም አቅም ያለው ጥቅል» ብሎታል። ቃል በቃል ሲመዘን ነቀፋ የሚገኝበት አይመስልም። ይሁን እንጂ «የመቋቋም አቅሙ ዝቅተኛ ነው» የሚለው አነጋገር በአማርኛ የራሱ ቤት አለው፤ በሽታ ስለሚያሸንፈው ሰውነት፣ ዋግ ስለሚያጠቃው የስንዴ ዘር የምንናገረው ነው። ስለዚህ አንባቢው የሚረዳው ጥቅሉ ደካማ፣ ቶሎ የሚበላሽ፣ ምናልባትም ለስለስ ያለ ሙቀት የሚሰጥ መሆኑን ነው። እውነቱ የዚህ ተቃራኒ ነው።

ጥቅሉ ኤሌክትሪክን የሚያግደው ባነሰ መጠን የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ይበዛል፤ ሙቀቱም ይበረታል። ሙሉ በሙሉ የተሞላ አንድ የሊትየም አዮን ባትሪ 4.2 ቮልት ይሰጣል። 1.5 ኦም ያለው ጥቅል ከዚህ ባትሪ የሚስበው 2.8 አምፔር ሲሆን ኃይሉም 12 ዋት ገደማ ነው። ጥቅሉ 0.5 ኦም ከሆነ 8.4 አምፔርና 35 ዋት ገደማ ይሆናል፤ 0.2 ኦም ሲደርስ ደግሞ 21 አምፔርና 88 ዋት። ወደ 0.1 ኦም ቢወርድ 42 አምፔር ይጠይቃል። ይህ፣ ለዚህ ሥራ የተለመዱት 18 ሚሊሜትር ወርድና 65 ሚሊሜትር ቁመት ያላቸው ባትሪዎች ያለማቋረጥ ሊሰጡት ከሚችሉት እጅግ የበለጠ ነው። መቆጣጠሪያ ሰርኪዩት ያለው መሣሪያ ይህን ሲለካ ሥራውን ያቆማል። ባትሪውን ከጥቅሉ ጋር በቀጥታ የሚያገናኘው ሜካኒካል መሣሪያ ግን የሚያስቆመው የለም፤ ባትሪው ይግላል፣ ጋዝ ይተፋል፣ ሊፈነዳም ይችላል። በአሜሪካ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በፍሎሪዳ፣ በ2019 ደግሞ በቴክሳስ፣ በኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ፍንዳታ ሰው ሞቷል። «ዝቅተኛ» የሚለውን ቃል አንብቦ «እንግዲያው አያሰጋም» የሚል ሰው በቃሉ ተታሏል ማለት ነው።

ነገሩ ለሕዝቡ እንግዳ አይደለም። ጥምዝ ሽቦው ገላጣ በሆነ የኤሌክትሪክ ምድጃ ያበሰለ ሁሉ፣ ሽቦው ሲበጠስ ሁለቱን ጫፎች አቆላልፎ መጠገንን ያውቃል። በተጠገነ ቁጥር ሽቦው ያጥራል፤ ባጠረ ቁጥር ከበፊቱ ይልቅ ይቀላል፤ ድስቱንም ቶሎ ያፈላል፤ ውሎ አድሮም ቶሎ ይበጠሳል። ያጠረው ሽቦ የሬዚስታንሱ መጠን የቀነሰ ሽቦ ነው። ረቂቁ ይህን የማድ ቤት ዕውቀት ቢጠይቅ ኖሮ ከመዝገበ ቃላቱ የተሻለ መልስ ባገኘ ነበር።

ታዲያ ምን እንበል? «ተቃውሞ» የአደባባይ ቃል ነው። «ዕገታ» ከዓመታት በፊት ቢሆን ኖሮ ባልከፋ ነበር፤ ዛሬ ግን ሰው መጥለፍን እንጂ ኤሌክትሪክን የሚያስታውስበት የለም። እኔ «ሬዚስታንስ» የሚለውን የውሰት ቃል እመርጣለሁ፤ ቢያንስ የሐሰት ትርጉም ይዞ አይመጣም፤ የምጣድ ጠጋኞችም ያውቁታል። እዚህ ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ ያሻል። ጠጋኙ «ሬዚስታንሱ ተበጠሰ» ሲል ሽቦውን ራሱን ማለቱ ነው እንጂ በኦም የሚለካውን ነገር አይደለም። ስለሆነም መለኪያውን በሚመለከት «የሬዚስታንስ መጠን» ብሎ መለየት ይገባል። በማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ውስጥ ደግሞ ቃሉ መጀመሪያ በሚገኝበት ስፍራ «የሬዚስታንሱ መጠን ያነሰ፣ ስለዚህም ብዙ ኤሌክትሪክ የሚስብ ጥቅል» ተብሎ ቢጻፍ ርዝመቱ አያስቆጭም። ረቂቁ «ንዑስ ኦም» ያለውም «ከ1 ኦም በታች» ይባል፤ «ንዑስ» ሲባል እንደ ንዑስ ኮሚቴ የኦም ክፍልፋይ የሆነ ሌላ መለኪያ ያለ ይመስላል።

ከዚህ ጋር የሚዛመድ ሌላ ጉድለት አለ። ሁለት ጥቅሎች በአንድ መቀመጫ ላይ ሲታሰሩ ረቂቁ «ተጣማሪ ጥቅሎች» ይላቸዋል። አንባቢው ሁለት ከሆኑ መጠኑ ይደመራል ብሎ ያስባል። የሚታሰሩት ጎን ለጎን ስለሆነ ግን እያንዳንዳቸው 0.8 ኦም ቢሆኑ በአንድነት የሚሰጡት 0.4 ኦም ነው። «ጎን ለጎን የታሰሩ» የሚለው አነጋገር ከ«በተከታታይ የታሰሩ» ስለሚለያቸው ይበልጣል።

የሽቦው ጫፍ የማይነካውን ብረት ነክቶ ኤሌክትሪኩ በአቋራጭ ሲያልፍ የሚፈጠረውን አደጋ ረቂቁ «አጭር ዑደት» ብሎታል። በከተማ የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ ይህን ቢሰማ ምንም አይደነግጥም። «ኮንታክት» ሲሉት ግን ቆጣሪውን ለማጥፋት ይሮጣል፤ ቤት ያቃጠለውን እሳት መንስኤ ሲናገር የኖረው በዚህ ቃል ነው። ቃሉ ከውጭ መጥቶ ከመነሻ ትርጉሙ ፈቀቅ ማለቱ ለቃላት አጥኚ የሚያስደስት ጉዳይ ነው እንጂ የሚያስነቅፈው አይደለም። «አጭር ዑደት»ን ለመማሪያ መጽሐፍ ትተን ለማስጠንቀቂያው «ኮንታክት»ን እንያዝ።

ስለ ጥቅሉ ስም ብዙ አልከራከርም። ረቂቁ «ጥምጥም» ብሎታል፤ ይህ የካህን ራስ ላይ ያለውን ያስታውሳል። ሞተር የሚያድሱ ባለሙያዎች «መጠቅለል» የሚሉት ግስ ስላላቸው «ጥቅል ሽቦ» ይበቃል፤ ቁጥሩም በ«ዙር» ይነገር።

ጥቅሉን የያዘውን ክፍል ረቂቁ «አድቃቂ» ሲል ሰይሞታል፤ ወፍጮ ያስመስለዋል። ብናኝ የሚለውን የታወቀ ቃል ይዘን «አብናኝ» ብንለው የሚሠራውን ሥራ ይናገራል፤ በፈሳሽነቱ የነበረውን በአየር ላይ የሚንሳፈፍ ደቃቅ ነጠብጣብ ያደርገዋልና። በዚህም «እንፋሎት» ከሚለው ቃል እንድናለን። እንፋሎት በእኛ ዘንድ የድስት ነው፤ ጉንፋን የያዘው ሰው ባሕር ዛፍ አፍልቶ የሚታጠነውም ነው፤ መልካም ስም አለው። ረቂቁ ድርጊቱን «እንፋሎት መታጠን» ማለቱ ኒኮቲንን በመድኃኒት ልብስ ማቅረብ ነው። በእንግሊዝኛውም ቃሉ ከዕቃው ቀድሟል፦ ኒው ሶሳይቲ የተባለው የብሪታንያ መጽሔት ድርጊቱን በዚህ ስም የጠራው እ.ኤ.አ. በ1983 ሲሆን፣ ዛሬ የምናውቀው ዓይነት መሣሪያ በቻይና የተሠራው ከሃያ ዓመት በኋላ ነው፤ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጆችም በ2014 የዓመቱ ቃል አድርገው መርጠውታል። ከእንፋሎት የተወለደ ስም ለነጋዴው እንደተመቸው ሁሉ ለእኛም እንዲመቸን አያስፈልግም።

«የአየር ፍሰት» የሚለውን እቀበላለሁ። «የአየር ፍሰት ማስተካከል» ግን አንድ ትክክለኛ ቦታ ብቻ ያለ ያስመስላል። ተጠቃሚው የሚያደርገው ቀለበቱን አዙሮ ቀዳዳውን ማጥበብና ማስፋት ነው። ሲሰፋ ብዙ አየር ገብቶ ጥቅሉን ያቀዘቅዛል፤ ሲጠብ ሙቀቱ ይጨምራል። ኃይለኛ ጥቅል በጠባብ ቀዳዳ ከተሠራበት ጥጡ ሊያርር ይችላል። ስለዚህ ይህ ቃል ከላይ ካነሣነው የሬዚስታንስ ነገር ተለይቶ ሊታይ አይገባውም። ተጠቃሚው ሲስብ የሚሰማውን ጥበትና ልልነት ረቂቁ «ስበት» ብሎታል። ስበትን ፊዚክስ ከወሰደው ቆይቷል፤ «ጠበቅ ያለ አሳሳብ»፣ «ላላ ያለ አሳሳብ» ቢባል አማርኛ ነው።

በመጨረሻው ገጽ ላይ ሽቦዎቹ በአሜሪካ የውፍረት ቁጥር ብቻ ተዘርዝረዋል። በዚህ አቆጣጠር ቁጥሩ ሲጨምር ሽቦው ይቀጥናል፤ ባለ 22 ቁጥሩ 0.64 ሚሊሜትር፣ ባለ 26 ቁጥሩ ደግሞ 0.40 ሚሊሜትር ነው። አዘጋጁ «ከፍተኛ ቁጥር ያለው ወፍራም ሽቦ» ብሎ የጻፈው ተሰርዞ፣ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን ሚሊሜትሩ ይጻፍ።