«ቢሆንም» የምትል ቃል
(ስለ ቦክስ ጊታር፣ ስለ ደከመ እጅና ስለ እኛ ጆሮ)

ባለፈው ሴሚስተር መጨረሻ ክበባችን ባዘጋጀው የግጥምና የሙዚቃ ምሽት አንድ ጓደኛችን ቦክስ ጊታሩን ይዞ ወጣ። የመድረክ መሪያችን (ይህን ጽሑፍ ካዘጋጀነው አንዱ ነው፤ አንደብቀውም) ማይክራፎኑን ጨብጦ «የግራ እጁ ሁለት ጣቶች እንደ ልብ ባይሠሩለትም ተስፋ ሳይቆርጥ የሚጫወት ወንድማችን» ሲል አስተዋወቀው። ልጁ ገና አንድ ክር ሳይነካ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሁለት ዜማ ተጫወተ፣ እጅ ነሣ፣ ወረደ። ከዚያ ወዲህ በክበቡ ስብሰባ ላይ ዝር ብሎ አያውቅም። ምን አስቀየመህ ብለን ዶርሙ ድረስ ብንሄድ የሰጠን መልስ አጭር ነበር፤ «ያጨበጨባችሁት ለክርኔ ነው። ሙዚቃውንማ ማን ሰማው?»

እንግዲህ ይህ ጽሑፍ ሂስ ብቻ ሳይሆን ግለ ሂስም ነው። ነገሩ ከአንድ ምሽት አልፎ የተጎዳ እጅ ያወጣውን ሙዚቃ እንዴት እንስማ የሚል ጥያቄ ስላስነሣብን፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ሰብሰብ እያልን ስንሰማና ስንከራከር ቆይተናል። ከክርክሩ የተረፈን ይኸው።

መጀመሪያ ስለ ጣቶቹ። ጓደኛችን ጊታር የያዘው ሰባተኛ ክፍል ሳለ ነው፤ ዐሥር ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው። ከሁለት ዓመት በፊት ወድቆ ክርኑን ተጎዳ። በክርን ጀርባ የሚያልፈው ነርቭ፣ ያ ስንጋጭ እጃችንን የሚያነዝረን፣ የትንሿን ጣትና የቀለበት ጣትን የሚያንቀሳቅስ ነውና ሁለቱ ደከሙበት። ጭራሽ አይታዘዙም ማለት አይደለም። ዘግይተው ይታዘዛሉ፣ ቶሎ ይዝላሉ። ለማይጫወት ሰው ይህ ትንሽ ነገር ነው። ቦክስ ጊታር ግን ማጉያ የለውም፤ ድምፁ ከሣጥኑ ጥርት ብሎ የሚወጣው ጣት የብረቱን ክር አጥብቆ ሲይዘው ነው። ጣቱ ላላ ካለ ክሩ ይንጫጫል፣ ወይም ይታፈናል። በተለይ አመልካች ጣት በስድስቱም ክሮች ላይ እንደ ዘንግ ተጋድሞ የሚጫንበት ኮርድ የቀሪዎቹን ሦስት ጣቶች ሙሉ ጉልበት ይጠይቃል። ከሦስቱ ሁለቱ ከዘገዩ ኮርድ መሆኑ ይቀራል።

እንዲህ ያለ ወሬ በተነሣ ቁጥር አንድ ስም ይጠራል፤ ጃንጎ ራይንሃርት። እኛም ልጁን ልናጽናና በሄድን ቀን መጀመሪያ ያነሣነው እሱን ነበር። ታሪኩ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1910 ቤልጂክ ውስጥ ከሮማ ወገን ተወለደ (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1928 ዓ.ም.፣ በ18 ዓመቱ፣ የሚኖርበት የጋሪ ቤት ተቃጠለና የግራ እጁ ሁለት ጣቶች፣ ልክ እንደ ጓደኛችን የቀለበት ጣቱና ትንሿ ጣቱ፣ ተጨማደው ቀሩ። በ1934 ግን ከቫዮሊኒስቱ ስቴፋን ግራፔሊ ጋር ሆኖ ከበሮ የሌለው፣ በአንድ ቫዮሊን፣ በሦስት ጊታርና በአንድ ባስ የቆመ ጓድ መሠረተና አውሮፓን ጉድ አሰኘ።

ሰው የሚያወራው ስለ ፍጥነቱ ነው፤ «በሁለት ጣት እንዲህ!» ይባላል። እኛም እንዲሁ ስንል ቆይተን በ1940 የሠራውን «ኑዋዥ» ደጋግመን ስንሰማ ፍጥነቱ ከአእምሯችን ጠፋ። ለቀረው ጊታረኛ እጅ አንድ ቦታ ላይ ተቀምጦ ጣቶች ወደ ጎን ከክር ወደ ክር ይሻገራሉ። ጃንጎ ግን በሁለት ጣት ስለሚሮጥ እጁ ራሱ በአንገቱ ላይ ሽቅብና ቁልቁል ይጓዛል። ስለዚህ ዜማው ድምፁን በቀጥታ አያርፍበትም፤ ከጎኑ መጥቶ፣ ተንሸራቶ ይደርስበታል። የተጨማደዱትንም ጣቶች አልጣላቸውም፤ በላይኞቹ ሁለት ክሮች ላይ ለኮርድ ያስጠጋቸው ነበር። ይህ አንድ ሰው አስቦ የመረጠው አነጋገር ነው። ጀግንነት እያልን ካለፍነው የነገሩን ፍሬ አልነካነውም።

ታዲያ ጓደኛችን ይህን ሁሉ ካዳመጠን በኋላ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እኔ እኮ ጃንጎ አይደለሁም።» ትሕትና መሰለን። በኋላ ስናስበው ግን ልጁ ከእኛ ይልቅ ሐያሲ ሆኖ ተገኘ። ጃንጎ ከቃጠሎው በፊት ያስቀረጸው በባንጆ ያጀበውን ጥቂት ነገር ብቻ ነው፤ ዓለም ያወቀው ጃንጎ ከቃጠሎው በኋላ የተሠራው ነው። ብዙ ዘመን የተጫወተ ሰው ችግሩ ሌላ ነው። የድሮው እጁ ጆሮው ውስጥ ይኖራል። ገና ኮርዱን ሳይዝ ምን ሊሰማ እንደሚገባው ያውቃል፤ ከዚያ ሌላ ነገር ይሰማል። እያንዳንዱ ዜማ የቀድሞውን ራሱን የሚያቀርብበት ችሎት ይሆንበታል። ይህን ሰው በጃንጎ ማጽናናት፣ ቤቱ የፈረሰበትን ሰው እገሌ በባዶ መሬት ላይ ምን የመሰለ ቪላ ሠራ መሰላችሁ ብሎ እንደማጽናናት ነው።

ስለዚህ ሌላ እጅ ፈለግን። ያገኘነው የካናዳዋን ጆኒ ሚቼልን ነው።

ጆኒ በ1943 ተወለደች። በ1953፣ በዘጠኝ ዓመቷ፣ ፖሊዮ ያዛት። ዳነች፤ ግራ እጇ ግን ደከም ብሎ ቀረ። ጊታር መማር ስትጀምር የሌሎችን አያያዝ ለመከተል ያንን እጅ በግድ አላሠራችውም፤ ክሮቹን ቃኘቻቸው። ይህ አንድ ዐረፍተ ነገር ማብራሪያ ይሻል። የጊታር የተለመደ ቅኝት ከወፍራሙ ክር ጀምሮ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ ነው። በዚህ ቅኝት እጅ ምንም ሳይዝ ክሮቹን ቢመቷቸው ኮርድ አይወጣም፤ ኮርዱን የሚሠራው የግራ እጅ ነው። መቃኛዎቹን አዙሮ አንዳንዶቹን ክሮች ዝቅ ቢያደርጓቸው ግን ባዶ ክሮቹ ራሳቸው ኮርድ ይሆናሉ። ያን ጊዜ ግራ እጅ አንድ ወይም ሁለት ጣት ጣል ማድረግ ይበቃዋል፤ የቀረውን ጊታሩ ይሠራለታል። ጆኒ በዘመኗ ሁሉ የተጠቀመችባቸው እንዲህ ያሉ ቅኝቶች ከ50 በላይ እንደሚሆኑ ይቆጠራል።

ፈረንጅ ስለዚህ ጉዳይ ሲጽፍ እንደ ትልቅ ምሥጢር አድርጎ ነው። እኛ ግን ክራር ሲቃኝ እያየን ያደግን ሰዎች ምን ይገርመናል? ክራር ላይ ክሩን የሚጫኑበት አንገት የለም። ተጫዋቹ ከትዝታ ወደ ባቲ፣ ከባቲ ወደ አንቺ ሆዬ ሲሻገር ክሮቹን ያከራል ወይም ያላላል፤ ጣቶቹ በየክራቸው እንዳሉ ናቸው። ሙዚቃው የሚለወጠው ክሩ ስለ ተለወጠ ነው። ቋንቋችን ራሱ መሣሪያውን ማስተካከልንም፣ የዜማውን ጠባይም «ቅኝት» በምትል በአንዲት ቃል ይጠራል። ጆኒ ከእኛ ተማረች ማለታችን አይደለም። እጅ በደከመ ጊዜ መሣሪያውን ወደ እጅ ማምጣት ማታለል ወይም ማቋረጫ እንዳልሆነ፣ ክራር የሚሰማ ጆሮ ያለማንም አስተማሪ ሊረዳው ይችላል ማለታችን ነው። ያን ምሽት አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ የነበረው ጆሮ ይኸው ጆሮ መሆኑ ነው የሚያሳፍረን።

ከዚያ የተገኘውን ሙዚቃ «ብሉ» ከተባለው የ1971 አልበሟ ጀምሮ መስማት ይቻላል። ግራ እጇ ቀለል ሲልላት ቀኝ እጇ ባለብዙ ሥራ ሆነ። በምትቃኛቸውም ክሮች ውስጥ ምንጊዜም ሳይያዝ የሚቀርና ከኮርዱ ጋር ሙሉ በሙሉ የማይስማማ አንድ ድምፅ አለ፤ ኮርዱ ሲለወጥ ያ ድምፅ እዚያው ይቆያል። በዚህ ምክንያት የጆኒ ኮርዶች አይዘጉም። ደስታም ኀዘንም አይደሉም፤ እሷ ራሷ የጥያቄ ኮርዶች ትላቸዋለች። የሮክ ተጫዋቾች ሊያጅቧት ሲቸገሩ ወደ ጃዝ ሰዎች የሄደችው በዚህ ነው፤ በ1976ቱ «ሂጅራ» ላይ የጃኮ ፓስቶሪየስን ባስ የሰማ ሰው ለምን እንደሆነ ይገባዋል። (የአልበሙ ስም በኛ አገር ጆሮ እንግዳ አለመሆኑ ሌላ ጨዋታ ነው።)

ይህን ሁሉ ስንል ግን ማሞካሸት ብቻ እንዳይሆንብን። በ1990ዎቹ አጋማሽ ጆኒ በየዘፈኑ መካከል መቃኘቱ ከሰለቻትና ፖሊዮው ያስከተለው ድካም ከተመለሰባት በኋላ፣ ክሮቹ በተለመደው ቅኝት እንዳሉ ሌላ ቅኝት አስመስሎ የሚያሰማ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ያዘች። በ1998 የወጣው «ቴሚንግ ዘ ታይገር» በዚህ የተሠራ ነው። መሣሪያው ከመድረክ እንዳትርቅ ረድቷታል፤ ለእጇም ለትከሻዋም ዕረፍት ሆኗል። ለኛ ጆሮ ግን ድምፁ እንደ መስታወት ነው፤ ያበራል እንጂ አይተነፍስም። ላልቶ የተቃኘ ወፍራም ክር በሣጥኑ እንጨት ውስጥ ሲያንጎራጉር የሚሰማው ነገር እዚያ የለም። ይህን በመናገራችን እጇን የናቅን የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። መላው ሁሉ እኩል አይደለም፤ አንዱ ከሌላው ይሻላል፣ ይህንም ማለት ይቻላል።

በመጨረሻ በአንድ ላፕቶፕ ዙሪያ ሰባት ሆነን የኒውፖርቱን ቪዲዮ አየን። ጆኒ በ2015 በአንጎሏ የደም ሥር ችግር ወድቃ መራመድን ሳይቀር እንደገና መማር ነበረባት። ጊታሩም ከእጇ ጠፋ። የድሮ ቪዲዮዎቿን እያየች፣ የገዛ ጣቶቿ የት ያርፉ እንደነበር እየተከተለች ተማረችው። በሐምሌ 2022፣ በ78 ዓመቷ፣ ከ1969 በኋላ ባልቆመችበት በኒውፖርት መድረክ ላይ ኤሌክትሪክ ጊታር ይዛ ከ1974ቱ አልበሟ አንዱን ዘፈን ያለ ቃል፣ በክር ብቻ ተጫወተችው። ሕዝቡ አለቀሰ። ከእኛም ሁለቱ አልቅሰዋል፤ ስማቸውን አንጠራም።

እንባው ከደረቀ በኋላ ድጋሚ ከፈትነውና ዐይናችንን ጨፍነን ሰማነው። ፍጥነቱ ቀርቷል። አንዳንዱ ድምፅ ይዘገያል፤ አንዳንዱም ካሰበችው ቦታ በጥቂቱ የሳተ ይመስላል። ግን ከአንዱ ሐረግ ወደ ሌላው ከመሻገሯ በፊት የምትተወው ቦታ በ1974 አልነበረም። ቸኩላ አትሞላውም፤ ክሩ እስኪያልቅ ትጠብቃለች። ያ ጥበቃ ውብ ነው። ቪዲዮው ግርጌ የተጻፈውን የሰው አስተያየት ብናይ ግን «ያ ሁሉ ደርሶባት ቢሆንም» ከሚለው ውጭ የተነገረ የለም ማለት ይቻላል።

ችግራችን ያለው እዚህች ቃል ላይ ይመስለናል። «ቢሆንም» ስንል ለካ ሁለት ሙዚቃ ነው የምንሰማው፤ አንዱ ሰውየው የተጫወተውን፣ ሌላው ጤነኛ ቢሆን ይጫወተው ነበር ብለን የፈጠርነውን። ከዚያ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው የቀረበ ይቅርታ አድርገን እንቀበለዋለን። አንዳንዱ ደግሞ ብልጥ ነኝ ብሎ ቃሏን ይገለብጣታል፤ «እጁ ስለ ተጎዳ ነው እንዲህ ያማረ» ይላል። ይኸም ያው ነው። ጉዳት ዜማ አይደርስም። ስንት የተቃጠለ እጅ አለ፣ ጃንጎ ግን አንድ ነው። በቃጠሎውና በዜማው መካከል አንድ ሰው ተቀምጦ «ይህችን ድምፅ ልተዋት፣ ይህችን ላቆያት» እያለ ስንት ሌሊት መርጧል። ሂስ የሚባል ነገር ካለ ያንን ምርጫ ነው መመርመር ያለበት።

በዚህ ሚዛን ያን ምሽት ብንለካው ኖሮ ለጓደኛችን የምንነግረው ነበረን። የመጀመሪያው ዜማ ማለፊያ ነበር፤ በሁለት ክር ብቻ የተመለሰበት አዝማች እስከ ዛሬ ያስታውሰናል። ሁለተኛው አልሆነም። የመረጠው ፍጥነት የድሮ እጁ ፍጥነት ነበር፤ መሐል ላይ ጣቶቹ ሲዝሉ ኮርዶቹ ታፈኑ፣ እሱም ያንን ለመሸፈን ቀኝ እጁን አጠነከረ፣ ዜማው ጠፋ። ሁላችንም ሰምተነዋል። አንድ ሰው እንኳ አልተናገረም፤ ይልቁን የበለጠ አጨበጨብን። ሌላ ማንም ልጅ እንደዚያ ቢጫወት ኖሮ ከመድረክ ሳይወርድ ነበር የምንቦጭቀው።

ባለፈው ቅዳሜ ይህን ጽሑፍ ሳይባዛ ልናነብለት ሄድን። ስለ ሁለተኛው ዜማ የጻፍነው ላይ ስንደርስ አስቆመንና «እሱን ነገር ያን ዕለት ብትሉኝ ኖሮ…» ብሎ ሳይጨርሰው ተወው። ጊታሩ አልጋው ላይ ነበር። ከእኛ መካከል ትንሽ የሚሞካክረው ልጅ አነሣውና የሚያውቀውን ብቸኛ ኮርድ ያዘ። የወጣው ድምፅ ያልተጠበቀ፣ ጭራሽ ሌላ ነገር ሆነ። ጣቶቹን አየ፣ ትክክል ናቸው። እንደገና መታው፤ ያው ነው። ጓደኛችን ሳቀበት። ከዚያ ጊታሩን ተቀብሎት በአንድ ጣት ብቻ ሦስተኛው ፍሬት ላይ ነካ አድርጎ ስድስቱንም ክሮች ለቀቃቸው።