ልስኑ ሳያልቅ ጥሩን

አዳማ ላይ የግድግዳ ሥዕል ሥራ ሲመጣ ደንበኛው አስቀድሞ የሚያዘው ጀበና ነው። ከጀበናው ቀጥሎ የፋሲል ግንብ፣ ቦታ ከተረፈ ላሊበላ። ለካፌ ይሁን። ለባቡር ጣቢያ ግን አይሆንም። ከለቡ ተሳፍሮ ቢሾፍቱንና ሞጆን አልፎ አዳማ የወረደ መንገደኛ ሁሉም ቦታ የሚያየውን ጀበና እዚህም ካገኘ፣ የት እንደደረሰ ግድግዳው ምንም አልነገረውም ማለት ነው።

የምድር ውስጥ ባቡር ገና የለንም፤ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡርም ዋሻ ውስጥ የሚገባው ፒያሳ አካባቢ ለጥቂት ነው። ጣቢያን በጥበብ ሥራ ማስዋብ ግን አዲሳችን አይደለም። ለገሃር ፊት ለፊት ያለው የይሁዳ አንበሳ ከ1923ቱ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ ጋር የቆመ ነው። ጣሊያን ዘርፎ ሮም ሲወስደው ደግሞ ያቆመው ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነበር፤ ሰይፍ መዝዞ ጣሊያኖችን የተጋፈጠው የዘርዓይ ደረስ ታሪክም የሚተረከው በዚሁ አንበሳ ፊት ነው። ሌባውም ቢሆን ጣቢያ ፊት የቆመ ነገር ስንት ሰው እንደሚያየው ገብቶታል።

መስከረም 2009 ለተመረቀው የጅቡቲ መስመር ጣቢያዎች እኔ ብጠየቅ ከሥዕል በፊት ድንጋይ አስቀድማለሁ። ስቶክሆልሞች ምድር ውስጥ ጣቢያ ሲሠሩ በብዙ ቦታ የተፈለፈለውን አለት ሻካራ ቅርጽ አልደበቁትም፤ እንዳለ ትተው ቀለም ቀቡት። የእኛ ስምጥ ሸለቆ ደግሞ እሳተ ገሞራ የተፋው ድንጋይ ሞልቶታል። ቀይ አሽ አለ፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ነጭ ድንጋይ አለ፣ ባልጩት አለ።

ባልጩትን ልብ ብላችሁ እዩት። ወፍራሙ ድፍን ጥቁር ነው፤ ስስ ጠርዙን ወደ ፀሐይ ስታዞሩት ግን ጭስ የመሰለ ብርሃን ያሳልፋል። ስብርባሪውን ነጭ ሲሚንቶ ውስጥ ተክላችሁ ብርሃን ከጎን ብትለቁበት፣ ሰው ሲራመድ ብልጭታው ከስባሪ ወደ ስባሪ እየዘለለ ይከተለዋል። ሻንጣ እየጎተተ የሚሮጥ ተሳፋሪ ቆሞ ሥዕል አያነብም፤ ይህን ግን ሳይቆምም ያየዋል። ዝርዝር ያለው ሥዕል ቦታው የመጠበቂያ አዳራሽ ነው፤ እዚያ ሰው ጊዜ አለው። ባልጩቱን ወለል ላይ ግን አልሞክረውም፤ ጫማ ይዞት የሚገባው አሸዋ ፍቆ ያደበዝዘዋል። ለወለል ባዛልት ይበቃል።

ቀለም የግድ ከሆነ የአዳማን ፀሐይና ነፋስ ማሰብ ነው። ያ 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጨውን የአዳማ ቁጥር ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫ የሚያሽከረክር ነፋስ አቧራውንም ይዞ ግድግዳውን ሲሞርድ ይውላል። ፀሐይ ቶሎ የሚበላው ደግሞ ደማቁን ቀይ ነው፤ ርካሹ ቀይ ሮዝ ሆኖ ይቀራል። ከብረት ዝገት የሚገኘው የአፈር ቀይ ግን አይለቅም። ድምቀቱ ያንሳል፣ ደንበኛም መጀመሪያ ላይ ፊቱን ያጨማድዳል፤ እኔ ግን አልለውጠውም።

ይህ ሁሉ የሚሆነው እኛ ሠዓሊዎች በጊዜ ከተጠራን ነው። የለመድነው ሴራሚኩ ተለጥፎ፣ መብራቱ ተሰቅሎ፣ የምረቃው ቀን ሲደርስ «እዚህ ባዶ ቦታ ላይ አንድ ነገር ሣልልን» መባልን ነው። ያን ጊዜ የሚሣለው ያው ጀበና ነው። ጣቢያ የምታሠሩ ሰዎች፣ ልስኑ ሳያልቅ፣ የመብራቱ መስመር ሳይዘረጋ፣ ከመሐንዲሱ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡን።