በደንብ የተገለበጠ ካሴት በምን ይታወቃል?

የሐረር የሠርግ ካሴት ወደ ኮምፒውተር ተገልብጦ ሲመጣ ከሙሽሪት በፊት ግድግዳውን እዩ። በሐረሪ ቤት ግድግዳው በስፌትና በሰሃን ይሞላል፣ መደቡ ቀይ ይቀባል። ስፌት ክብ ነው፤ ሞላላ ሆኖ ከታየ ለድሮው 4 በ3 ስክሪን የተቀረጸው ምስል የዛሬውን 16 በ9 ቴሌቪዥን እንዲሞላ ተለጥጧል ማለት ነው። ሙሽሪትም ያለ ጥፋቷ ወፍራለች። በግራና በቀኝ ጥቁር ቦታ የተወው ሰው ሥራውን ያውቃል።

ቀዩ መደብ ረቀቅ ያለ ፈተና ነው። ቪኤችኤስም ሆነ ቪዲዮ 8 ቀለምን የሚይዙት ከብርሃንና ከጥላው በጣም ባነሰ ዝርዝር ስለሆነ ቀይ ከጠርዙ አልፎ ወደ ጎን ይፈስሳል። ይህ የካሴቱ ጠባይ ነው፤ ገልባጩን አትውቀሱት። ነጩ ነጠላ ነጭ ሆኖ ሳለ ቀዩ ብቻ ዓይን የሚወጋ ከሆነ ግን አሳምራለሁ ብሎ የነካካ እጅ አለ። ከጀጎል ግንብ ውጭ ጅብ ሲመገብ በሌሊት የተቀረጸ ካሴት ካላችሁ ደግሞ እሱን ክፈቱ። ጨለማ ውስጥ ምስሉ ነጠብጣብ ይበዛዋል። ነጠብጣቡን ሙልጭ አድርጎ ያጠፋ ማጣሪያ የጅቡን ጠጉርም አብሮ ይወስደዋል፤ ሰዎቹም ከሰም የተሠሩ ይመስላሉ።

እንቅስቃሴ ላይ የሚጨበጭቡ እጆችን ተመልከቱ። የእኛ ካሜራዎች በፓል ሥርዓት በሰከንድ 25 ምስል፣ እያንዳንዱንም በሁለት ግማሽ ከፍለው ይቀርጹ ነበር። ግማሾቹ በወጉ ካልተፈቱ የእጁ ጠርዝ በአግድም መስመር ይሰነጣጠቃል። ከቶሮንቶ ወይም ከዋሽንግተን ዘመድ የላከው ካሴት ኤንቲኤስሲ ነው፤ በሰከንድ 30 ገደማ። ጎበዝ ባለሙያ ሁለቱን በየሥርዓታቸው ይገለብጣል። አንድ ላይ የጨፈለቃቸው ሰው ሥራ ካሜራው ወደ ጎን ሲዞር በመንቀጥቀጡ ይታወቃል።

ሚኒ ዲቪ ሲሆን ነገሩ ቀላል ነው፤ ካሴቱ ከመነሻው ዲጂታል ስለሆነ በፋየርዋየር ገመድ እንዳለ ይቀዳል። የአንድ ሰዓቱ ፋይል 13 ጊጋባይት ያህል ይሆናል። ከአንድ ጊጋ በታች ከተሰጣችሁ ተጨምቋል። ዲቪዲም 4.7 ጊጋ ብቻ ስለሚይዝ ሁለት ሰዓት ይበቃዋል፤ ሦስት ሠርግ የታጨቀበት ዲስክ ሕዝቡ ሲጨፍር ምስሉ በአራት ማዕዘን ይሰባበራል።

ለእኔ ትልቁ ነገር ድምፁ ነው። በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የሹዋሊድ በዓል ካሴት ላይ ከበሮውን ማንም ይሰማዋል፤ እናንተ የእንጨት ማጨብጨቢያውን ስሙ። ቋ የሚለው ጥርት ያለ ድምፅ ደንዝዞ ከመጣ ሽሽታውን የቀነሰው ሰው ከልክ አልፏል፣ ወይም የማጫወቻው ዴክ ራስ ተዛንፏል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ በኦሪጅናሉ ድምፅ ላይ ዘፈን መጫን ነው፤ የአያት ዱዓ፣ ካሜራውን የያዘው አጎት በሐረሪ የሚቀልደው ቀልድ፣ ሁሉም ከሥር ይቀበራል። በዚህች ከተማ አቶ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ በሙዚየማቸው ከብራና መጻሕፍት ጎን የድሮ ዘፈን ቅጂዎችን ሲሰበስቡ ኖረዋል፤ የድምፅ ዋጋ ለሐረር ሰው መነገር አልነበረበትም። ልብና አበባ የሚበርበት ቅንብር ከፈለጋችሁ ለብቻው ይሠራላችሁ፤ ያልተነካው ፋይል ግን ከካሴቱ ጋር ይመለስላችሁ።

የተጎዳ ቦታ ሁልጊዜ ይኖራል። በረዶ የሚመስለው ምስል ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከቆሸሸ የዴክ ራስ ስለሆነ ራሱ ተጠርጎ እንደገና እንዲቀዳ ጠይቁ። በእርግጥ የተበላሸውን ግን መጥፎ ገልባጭ ቆርጦ ይጥለዋል፣ ጥሩው እንዳለ ትቶ ስንተኛው ደቂቃ ላይ ምን እንደሆነ በወረቀት ጽፎ ይሰጣል። እንዲህ ያለ ወረቀት ከሚሰጥ ሰው ጋር ዋጋ አልከራከርም።