የቦንጋ ቡና የመርሳት መድኃኒት ነው?

ከፋ የቡና መገኛ ነው፤ ብሔራዊ የቡና ሙዚየሙም ያለው ቦንጋ ነው። ታዲያ «ቡና የመርሳት በሽታን ይከላከላል» ሲባል ደስ ይለናል። እኔም ቡና እወዳለሁ። ግን ወሬው ከየት መጣ?

ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ የፊንላንድ ጥናት ነው። 1,409 ሰዎችን በአማካይ ለ21 ዓመት ተከታትሎ፣ በጎልማሳነታቸው በቀን ከ3 እስከ 5 ኩባያ የሚጠጡት፣ ጥቂት ከሚጠጡት ይልቅ በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ65 በመቶ ያነሰ ሆኖ አገኘው። ትልቅ ቁጥር ነው አይደል? ቆይ ግን፤ በበሽታው የተያዙት በጠቅላላው 61 ሰዎች ናቸው። ደሞ ቡናውን በዕጣ ያደላቸው የለም፤ ምን ያህል እንደሚጠጡ ተጠይቀው ነው የተመዘገበው። ቡና የሚያዘወትር ሰው በአመጋገቡም በኑሮውም ሊለይ ይችላል። የነሱ ኩባያና የኛ ሲኒም እኩል አይደሉም፤ እኔ ደግሞ ምህንድስና ስለተማርኩ መጠኑ ያልታወቀ ነገር አይዋጥልኝም።

ከዕፅዋት መድኃኒት አይወጣም እያልኩ አይደለም። ጋላንታሚን የተገኘው ስኖውድሮፕ ከሚባል አበባ ነው። በአንጎል ውስጥ መልእክት የሚያደርሰውን አሲታይልኮሊን የሚያፈርሰውን ኢንዛይም ይገታል። ምልክቱን ለጊዜው ያቀላል እንጂ በሽታውን አያድንም። ከጊንኮ ዛፍ ቅጠል የተዘጋጀው ደግሞ አሜሪካ ውስጥ በ3,069 አረጋውያን ላይ በዕጣ ተፈትኖ፣ በ2008 እ.ኤ.አ. በወጣው ውጤት በሽታውን አልተከላከለም።

አያታችሁ መርሳት ከጀመሩ ቡናውን አብራችሁ ጠጡ፤ ሐኪም ጋ መውሰዱን ግን በቡና አትተኩት። አንዳንዴ ምክንያቱ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ወይም የታይሮይድ ዕጢ ችግር ይሆናል፤ ይሄ ደግሞ በደም ምርመራ ይለያል፣ ይታከማልም።